ናይሮቢ ወተት ልገዛ ሄጄ

ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። ባለቤቴ ተፈራ ካረፈ ወዲህ እጄ ቶሎ ይደክማል፤ በቀን አንድ ገጽ ከሞላሁ በቂዬ ነው። ቢሆንም የእድራችን ሴቶች ከተመለስኩ ጀምሮ «ናይሮቢ እንዴት ነው? ምን አየሽ?» እያሉ በየተራ ስለሚጠይቁኝ፣ ለእያንዳንዳቸው ከምተርክ አንድ ጊዜ ጽፌ ላስቀምጥ አልኩ። አንበሳና ዝሆን አይታ መጣች ብሎ የጠበቀ ካለ ይቅርታ ያድርግልኝ። እኔ ያየሁት በአብዛኛው ባልዲና ሚዛን ነው።

መጀመሪያ የሄድኩበትን ምክንያት ልናገር። ተፈራ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ከወተት በቀር ሆዱ የሚቀበለው ነገር አልነበረም። ማለዳ አንድ ኩባያ የጨረሰ ቀን ሁለታችንም ተስፋ እናደርግ ነበር። ሲያርፍ ታዲያ «ስለ ነፍሱ ለተራቡ ልጆች ወተት አጠጣለሁ» ብዬ ተሳልኩ። በአርባው ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው፣ ከድርቁ የተረፉ ሕፃናት ወደተሰበሰቡበት ማሳደጊያ የዱቄት ወተት አስጭኜ ሄድኩ። ልጆቹ አጨበጨቡ፤ አንድ ጎረቤቴ ፎቶ አነሳን። በፎቶው ላይ ከሁሉም ፊት፣ አራት ዓመት የሚሆናት አንዲት ልጅ ኩባያዋን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ጀርባው ላይ «ለተፈራ ነፍስ የተሰጠ ወተት» ብዬ ጽፌ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አኖርኩት። ልቤ ሲከፋ እሱን አውጥቼ አያለሁ።

ናይሮቢ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ጽጌ ይህን ስትሰማ ደብዳቤ ጻፈችልኝ። «ለሙት ዓመቱ ወተቱን እኔ እገዛለሁ፤ እዚህ እንደ ልብ ነው። አንቺ መጥተሽ ምረጪ፤ በዚያውም ትንሽ ትተነፍሻለሽ» አለች። የመውጫ ቪዛውን ነገር አላነሳም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከቀበሌ ደብዳቤ፣ ካስተማርኩበት ትምህርት ቤት ደብዳቤ፣ ከዓይን ሐኪም ደብዳቤ ስል ሁለት ጫማ ጨረስኩ። ሲፈቀድልኝ ግን ደስታው ቀርቶ ፍርሃት ያዘኝ። ያለ ተፈራ ከደብረ ዘይት አልፌ አላውቅማ።

ቅዳሜ ጠዋት ከቦሌ ተነሣሁ። አውሮፕላኑ ከምሳ በፊት ናይሮቢ አደረሰን፤ በአውቶቡስ ደሴ ለመድረስ ከሚፈጀው እጅግ ያነሰ ጊዜ ነው። ከጎኔ የተቀመጠ ነጋዴ «እማማ፣ ቀበቶዎን ይሰሩ» ብሎ እሱው አሠረልኝ፤ ስንወርድም ፈታልኝ። እኔ እስከዚያ ሲቆለፍ እንዴት እንደሆነ እንኳ አላየሁም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።

ናይሮቢ ፍተሻው ላይ ትንሽ ጉድ ሆንኩ። ለጽጌ የያዝኩት በርበሬ ከረጢቱ ተቀዶ ሻንጣዬን ሁሉ አቅልቶታል። ፈታሹ እጁን ሰደደና ወዲያው ያስነጥስ ጀመር። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ጓደኞቹ ሳቁበት። ዓይኑን እየጠረገ «ሂጂ፣ ሂጂ» እንደማለት እጁን አወናጨፈብኝ። ጽጌ ከውጭ ሆና ያየችኝ ልብሴ በርበሬ ለብሶ፣ እኔ ደግሞ ይቅርታ እየለመንኩ ነው። ካቀፈችኝ በኋላ ሁለታችንም አለቀስን፤ ከሐዘኑና ከበርበሬው የቱ እንዳስለቀሰን እንጃ።

የጽጌ ባል ጊጊሪ በሚገኝ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ይሠራል። በዚያ ሳምንት ለሥራ ወጥቶ ስለነበር ቤቱ የሴቶች ብቻ ነበር፤ ጽጌ፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጇ ሳምራዊትና እኔ። ቤታቸው ላቪንግተን ነው። አጥሩ ሁሉ አበባ ነው፤ አየሩ የእኛን የመስከረም ጠዋት ይመስላል። ከአፈሩ መቅላት በቀር ቦሌ መንገድ ያለሁ እስኪመስለኝ ድረስ። እሑድ ጽጌ ሱቅ ስትወስደኝ ግን ቦሌ እንዳልሆነ ገባኝ። ስኳሩ ተደርድሯል፤ ሰልፍም የለ፣ የቀበሌ ካርድም የለ። አንድ እሽግ አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩ።

«እትዬ የሺ፣ ውሰጂው እንጂ፣ ማንም አይቆጣሽም» አለችኝ ጽጌ።

«አውቃለሁ። ክብደቱን ማየቴ ነው» አልኳት።

ሰኞ ዌስትላንድስ ወደ አንድ ጅምላ ሻጭ ሄድን። ወተቱን በካርቶን ደርድሮ አሳየን። ጽጌ በየካርቶኑ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት አሳትማ ነበር፤ «ለአቶ ተፈራ መታሰቢያ» ይላል። ስሙን በታተመ ፊደል ሳየው የካርቶኑን ጫፍ ይዤ ቆምኩ፤ ሻጩ ወንበር አመጣልኝ። ከሁለቱ ዓይነት ወተት የትኛው እንደሚሻል ረቡዕ መጥቼ እንድነግረው ተስማማን። ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ተኛሁ።

ረቡዕ ጽጌ ጉዳይ ስለነበራት «ብቻዬን እሄዳለሁ» አልኩ። አስተማሪ የነበርኩ ሴት፣ እንግሊዝኛ የማነብ፣ አንድ ሰፈር መሄድ ያቅተኛል? አቃተኝ። ማታቱ የሚሏት እንደ እኛ ውይይት ታክሲ ያለች፣ ግን ሙዚቃዋ የሚያደነቁር መኪና አለች። ረዳቱ ክንዴን ይዞ አስገባኝ። ከተማ መሃል አውርዶኝ ሌላ ሰው ሌላ ማታቱ ላይ ጫነኝ። «ዌስትላንድስ?» ስል ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ስወርድ ያየሁት ግን ጭቃ መንገድ፣ የጨርቅ ጥቅል፣ የቴምርና የቆዳ ሽታ፣ የአዛን ድምፅ ነው። ጽጌ «እንዳትሄጂበት» ያለችኝ ኢስሊ የሚባለው ሰፈር መሆኑን በኋላ ነው ያወቅሁት።

ጥግ ይዤ ስቆም ከአንድ ሱቅ ውስጥ በአማርኛ «እህቴ! ሐበሻ ነሽ አይደል? ከፀሐዩ ግቢ!» የሚል ሰማሁ። ወይዘሮ ፋጡማ ይባላሉ፤ የሞያሌ ሰው ናቸው፤ ጨርቅና የቤት ዕቃ ይነግዳሉ። ጥቁር ልብሴን ከላይ እስከ ታች አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ማነው?»

«ባለቤቴ።»

«አላህ ያጽናሽ። አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» አሉና እጄን ይዘው አስቀመጡኝ። ናይሮቢ ከገባሁ ጀምሮ ጥቁር የለበስኩት ለምን እንደሆነ ሳልነግረው ያወቀልኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ሻይ አስመጡልኝ። በኬንያ ሻይ ከነወተቱ አብሮ ነው የሚፈላው፤ ቀኑ ደግሞ ረቡዕ ነው፣ ጾም። ኩባያውን ይዤ ስቸገር አዩኝ።

«ውይ! ረስቼው! እናንተ ረቡዕ ትጾማላችሁ» ብለው ሌላ ባዶ ሻይ በቅርንፉድ አስፈሉልኝ። ወተት ልገዛ ወጥቼ መጥፋቴን ስነግራቸው ሳቁ። «ወተት ፍለጋ መጥተሽ ወተት መለስሽ! ቆይ፣ እኔ የልጅ ልጄን ላስመዝን እዚሁ ወረድ ብዬ ወደ ክሊኒክ ልሄድ ነው። አብረሽኝ ነይ፤ ስንመለስ እኔው ራሴ መኪና ላይ አሳፍርሻለሁ።»

ክሊኒኩ ከኢስሊ ጀርባ ማታሬ የሚባለው ሸለቆ ውስጥ ያለ፣ ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ነው። ከጣሪያው ማገር ላይ ሚዛን ተንጠልጥሏል። ሕፃናቱን በጨርቅ ሱሪ አድርገው ያንጠለጥሏቸዋል፤ ሁሉም እንደየአቅሙ ይጮኻል። ነርሷ ሲስተር ዋንጂሩ የሚዛኑን መርፌ ታነብና በካርዱ ላይ ነጥብ ታደርጋለች። ነጥቦቹ ሲገጣጠሙ መሥመር ይሆናሉ፤ መሥመሩ ሽቅብ ከወጣ ልጁ እያደገ ነው፤ ከተጋደመ ወይም ካዘቀዘቀ አንድ ነገር አለ። ማንበብ የማይችሉት እናቶች እንኳ መሥመሩን አይተው ፊታቸው ይበራል ወይም ይጠቁራል።

ሰዉ ሲቀል ወይዘሮ ፋጡማ በስዋሂሊ አስተዋወቁኝ። እኔም ኩራት ቢጤ ተሰማኝና ፎቶዬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። በምችለው እንግሊዝኛ ስለ ስለቴ፣ ስለ ወተቱ፣ ስለ ጭብጨባው ነገርኳት። ሲስተር ዋንጂሩ ፎቶውን ወደ ብርሃኑ ይዛ ብዙ ጊዜ አየችው።

«ማማ፣ ይቺ ልጅ ማን ትባላለች?»

«አላውቅም።»

«አሁን እንዴት ናት?»

ፎቶውን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ። በጣቷ የፎቶውን ጥግ ነካች። እኔ ስንት ጊዜ አይቼው ያላየሁት በርሜል እዚያ አለ፤ ክዳን የለውም፤ አንድ ልጅ ኩባያውን ከነእጁ ነክሮበታል።

«ወተቱን የበጠበጡት በዚህ ውሃ ነው?»

«እንጃ። ግን በጣም አመስግነውኛል» አልኳት።

«እኛንም አመስግነውን ነበር» አለች፤ በፌዝ ሳይሆን እንደ እህት። ቀደም ሲል ለእነሱም ከውጭ አገር የዱቄት ወተት መጥቶላቸው ነበር። እናቶቹ እየመረቁ ወሰዱ። በየወሩ ሲመዝኑ ግን የብዙዎቹ መሥመር አዘቀዘቀ። ወተቱ ጥፋት አልነበረበትም፤ በሸለቆው ውሃ ሲበጠበጥ ግን ሕፃናቱን ያስቀምጣቸው ነበር። «ካልመዘንን አናውቅም ነበር፤ ምርቃቱን ይዘን እንቀጥል ነበር» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ክዳንና ቧንቧ ያላቸው፣ የፈላ ውሃ እጅ ሳይነካው የሚቀዳባቸው ባልዲዎች ተገኙ፤ ለቤቱ ሁሉ ግን አልበቁም። ስለዚህ እናቶቹን ሰብስባ ዕጣ አወጣች። ዕጣ የወጣላቸው ወዲያው ወሰዱ፤ የቀሩት የሚቀጥለው ጭነት እስኪመጣ ጠበቁ፤ የሁሉም ልጆች ግን በየወሩ ይመዘኑ ነበር።

ይህ አልተዋጠልኝም። «የታመመ ልጅ በዕጣ ይጠብቃል?» አልኩ።

የመለሱልኝ ወይዘሮ ፋጡማ ናቸው። «ዕቁብ አታውቂም እንዴ? ዕጣ የወጣለት ቀድሞ ይበላል፤ ያልወጣለት ተራውን ይጠብቃል። እዚህ ግን የሚጠብቀውም ሥራ አለው፤ ምስክር ነው።»

«የምን ምስክር?»

«ዝናቡ ሲያባራ የሁሉም ልጅ ሆድ ይሻለዋል» አለች ሲስተር ዋንጂሩ። «ባልዲውን ለሁሉም በአንድ ቀን ብሰጥና ቢሻላቸው፣ ባልዲው ነው ወይስ ዝናቡ ማባራቱ? አላውቅም። የሚጠብቁት ባሉበት ቆመው፣ ባልዲ ያላቸው ሽቅብ ሲወጡ ግን ባልዲው እንደሠራ አውቃለሁ። ደግሞም ባልዲው ለግማሹ ብቻ ነበር የሚበቃው። ዕጣ ባይኖር ማን የሚያገኝ ይመስልዎታል?»

«ድምፁ የጎላ!» አሉ ወይዘሮ ፋጡማ ደረታቸውን እየመቱ። «ድሮ ሁሌ እኔ ነበርኩ የማገኘው!» እዚያ የነበሩት ሁሉ ሳቁ፤ ነርሷም።

ስንወጣ ግን ሳቁ ከእኔ ጋር አልወጣም። ሲስተር ዋንጂሩ በሩ ላይ፣ «የእርስዎ ልጆች ምናልባት ደህና ይሆናሉ። ውሃው ንጹሕ ከነበረ ወተቱ ጠቅሟቸዋል። እኔ ከዚህ ሆኜ አላውቅም» አለችኝ። እኔም ከዚያው ከአዲስ አበባ ሆኜ አላውቅም ነበር። አሥር ወር ሙሉ ፎቶውን ሳይ ከርሜ አንድ ቀን ተመልሼ አልሄድኩም። ወይዘሮ ፋጡማ ማታቱ ላይ አሳፈሩኝ፤ ረዳቱን በጣታቸው እያስፈራሩ የት እንደሚያወርደኝ በስዋሂሊ ነገሩት። ልጁ ሦስት ጊዜ «ሰምቻለሁ» አላቸው መሰለኝ። ላቪንግተን በር ድረስ አመጣኝ።

ሐሙስ ቁርስ ላይ ያየሁትን ሁሉ ለጽጌ ነገርኳትና ወተቱ ቆይቶ በፊት ባልዲ እንድንገዛ ጠየቅኋት። ሻይዋን አስቀመጠች።

«እትዬ፣ ስለት እኮ ነው! ለነፍሱ ብለሽ የተሳልሽው! ስሙን ሁሉ አሳትሜ…»

«አውቃለሁ።»

«አንዲት ነርስ ምን ብላሽ ነው? ደግሞ ኢስሊ ሄደሽ! ባልዲ ለሙት ዓመት? ሰው ምን ይላል? ‘የተፈራ ተዝካር ባልዲ ሆነ’ ይበሉን?»

እኔም ተቆጣሁ፤ «ሰው የሚለውን ትተሽ ልጆቹ ምን እንደሆኑ ታውቂያለሽ?» አልኳት። «እኔስ አውቃለሁ?» ጮክ ብዬ ነበር መሰለኝ፤ ሳምራዊት ከመኝታ ቤቷ ወጣች። አማርኛዋ ከእንግሊዝኛ ጋር ተቀላቅሎ የሚንሸራተት ልጅ ናት።

«ሶሪ አክስቴ፣ ግን… ወተት የሚወደው እኮ አጎቴ ነው። ልጆቹ ምን እንደሚያስፈልጋቸው ማን አስክ አደረጋቸው?»

እውነት ነው፤ እኔ ወተቱን የሰጠሁት ለተፈራ ነበር። እሱ መጠጣት ሲያቅተው ኩባያውን ለሌላ ሰው አፍ ያስጠጋሁ ያህል ነው። ጽጌ ተነሥታ መጥታ ራሴን ደረቷ ላይ አደረገች። «በቃ፣ የምትፈልጊውን ንገሪኝ» አለች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሦስታችንም ኢስሊ ሄድን። ጽጌ መጀመሪያ ቦርሳዋን በብብቷ አጣብቃ ይዛ ነበር፤ ከወይዘሮ ፋጡማ ቤት ሩዝና ሥጋ እንብላ ሲባል ግን ቦርሳዋን የት እንዳኖረችው ረስታ ፈለግን። እኔ ዓርብ ስለሆነ ሩዙን በድንች በላሁ። ወይዘሮ ፋጡማ ባልዲ ላይ ቧንቧ የሚገጥም ሰው አስጠሩ፤ እርስ በርስ ተሰካክተው በአውሮፕላን ሊሄዱልኝ የሚችሉት አራት ባልዲዎች ብቻ ሆኑ። የሚንጠለጠል ሚዛንም ፈልገው አገኙልኝ፤ የአንድ ቴምር ነጋዴ የነበረ ነው። ክሊኒኩ ስንወስደው ሲስተር ዋንጂሩ ሚዛኑን ከማመኗ በፊት የታሸገ ስኳር አንጠለጠለችበት፤ መርፌው እሽጉ ላይ የተጻፈው ላይ ልክ ቆመ። «ሚዛኑም ይመዘናል» አለችኝ። ያንን ስኳር ወይዘሮ ፋጡማ ከቦርሳዬ ከተቱት፤ ብመልስም እምቢ አሉ።

እሑድ ቦሌ ስደርስ ፈታሹ ሚዛኑን አወጣ።

«እናቴ፣ ሊነግዱ ነው?»

«ልጅ ልመዝንበት ነው።»

«ልጅ በኪሎ መሸጥ ተጀመረ?» አለና ሚዛኑ ላይ የራሱን የምሳ ዕቃ ሰቅሎ አየ። «ባለቤቴ ቀንሳብኛለች» ብሎ እየሳቀ አሳለፈኝ።

በነጋታው ማሳደጊያው ሄድኩ። ሳልደርስ ፎቶውን ሦስት ጊዜ አወጣሁ። ኃላፊዋ ወይዘሮ አስካለ ከበር ተቀበለችኝ። ጣቴን ልጅቷ ላይ አድርጌ «ይቺ አለች?» አልኳት።

«ዝናሽ? አለች እንጂ!»

እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ስለ ወተቱ ጠየቅኋት። መጀመሪያ «እግዜር ይስጥልን፣ በጣም ጥሩ ነበር» አለች። አጥብቄ ስጠይቃት አንገቷን ደፋች። ከልጆቹ ብዙዎቹን አስቀምጧቸው ነበር፤ ዝናሽም ሳምንት ተኝታ ነበር። ውሃው ይፈላል፣ ግን በርሜሉ ክፍት ነው፤ ሁሉም ኩባያውን ይነክርበታል።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እትዬ የሺ፣ ጥቁር ለብሰው ላመጡ ሰው ማን እንዲህ ይላል?»

ልጆቹ የሚያድሩት በአራት ቤት ነው፤ ባልዲው ለአንድ ቤት ሁለት ሁለት ሆኖ ለሁለት ቤት ብቻ ይበቃል። ሞግዚቶቹ ባሉበት እንደ ዕቁብ ወረቀት ጠቅልለን ዕጣ አወጣን። ለዝናሽ ቤት አልወጣም። እውነቱን ልናገር፣ ወረቀቱን መልሼ ልጠቀልለው እጄ ሄዶ ነበር። ወይዘሮ አስካለ እጄን ያዘችኝ። «የዕቁብ ዳኛ ለዘመዱ ዕጣ አይለውጥም» አለችኝ።

ቀጣዮቹ ሳምንታት ረጅም ነበሩ። በየሳምንቱ እየሄድኩ ጠየቅሁ፤ የታመመ ካለ ከየትኛውም ቤት ይሁን ወደ ጤና ጣቢያ እንወስድ ነበር። በወሩ ስንመዝን ከሁለቱ ባለ ባልዲ ቤቶች የአንዱ ልጆች መሥመር ሽቅብ ወጣ። የሌላኛው ግን ምንም አላለም፤ ብናይ ሞግዚቷ ቧንቧው ዘግይቶባት ክዳኑን ከፍታ በኩባያ ትቀዳ ኖሯል። ሳቅን፤ ክዳኑንም በሽቦ አሠርነው። የዝናሽ ቤት መሥመር እንደተጋደመ ነበር። የተፈራ ሙት ዓመት በዚህ መሃል ደረሰ፤ ጸሎቱን አደረስን፣ ድግሱን አሳነስን፣ እኔም ጥቁሬን አወለቅሁ። ሰው ምን እንዳለ አልጠየቅሁም።

የቀሩትን ባልዲዎች የጽጌ ባል ለሥራ ሲመጣ ይዞልኝ መጣ፤ ለዝናሽም ቤት ደረሰ። ዝናሽን ከዚያ ከአንድ ወር በኋላ ስንመዝናት የምናንጠለጥልበት ጨርቅ ሆኖ ያገለገለው ያ ጥቁር ነጠላዬ ነው። እግሯን አወራጭታ ደረቴን በደንብ አድርጋ መታችኝ፤ እንዲህ ያለ ጉልበት አልነበራትም። መርፌው ተወዛወዘና ካለፈው ወር ጭረት አልፎ ቆመ። ወይዘሮ አስካለ እልል አለች።

ፎቶውን አወጣሁና ከጀርባው፣ «ለተፈራ ነፍስ የተሰጠ ወተት» ከሚለው ሥር፣ «ዝናሽ» ብዬ ስሟን ጻፍኩ፤ ከስሟ ሥር ክብደቷን፣ ከክብደቷ ሥር ወሩን። ጽሑፌ ደቃቅ ስለሆነ ገና ሰፊ ቦታ ይቀራል።